«ቁልቋል» እና «ጥድ» የተባለው ሁሉ በአንድ ዝርያ ተመዘገበብኝ፤ ነገ ጠዋት አስረካቢ ነኝ

ጠያቂ (የመስክ መዝገብ)፦ ክቡራን አባላት፣ አስቸኳይ እርዳታ እፈልጋለሁ። የዕፅዋት ቆጠራ ቅጾቻችንን ወደ መረጃ ቋቱ ሳስገባ፣ ፕሮግራሙ በአማርኛ የተጻፉትን ስሞች በራሱ ወደ ሳይንሳዊ ስም እየለወጠ «ቁልቋል» የተባለውን በሙሉ ኦፑንቲያ ፊከስ ኢንዲካ፣ «ጥድ» የተባለውን በሙሉ ጁኒፐረስ ፕሮሴራ፣ «ግራር» የተባለውን ደግሞ በሙሉ ቫቸሊያ አቢሲኒካ አድርጎታል። በዚያ ላይ «ባሕር ዛፍ» ተብሎ የተጻፈው ሲገባ፣ «ባህር ዛፍ» ተብሎ የተጻፈው «የማይታወቅ ስም» እየተባለ ይመለሳል። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ የማስተካክልበት መንገድ አለ?

ወይናደጋ፦ የአማርኛውን ስም አጥፍተው ሳይንሳዊውን ብቻ ያስገቡ። የሀገር ስም በመረጃ ቋት ውስጥ ሁልጊዜ ችግር ያመጣል።

ዋንዛ ሥር፦ ምንም ነገር ከማጥፋትዎ በፊት ሦስት ነገሮችን ይንገሩን። ቆጠራው የተካሄደው በየትኛው አካባቢ ነው? የቦታው ከፍታ በቅጹ ላይ ተመዝግቧል? በእጅ የተጻፉት ቅጾችስ አሁንም እርስዎ ዘንድ ናቸው? አንድ ስም በደጋና በቆላ የተለያየ ተክል ስለሚያመለክት፣ ይህን ሳናውቅ የምንሰጠው መልስ ሁሉ ግምት ይሆናል።

አንጋፋው፦ «ሳይንሳዊውን ብቻ ያስገቡ» ላሉት ወንድሜ አንድ ነገር ማስታወስ እወዳለሁ። ሳይንሳዊ ስምም ባለበት አይቆምም። የእኛ ግራሮች ለረጅም ዘመን አካሺያ በተባለው ወገን (ተቀራራቢ ዝርያዎችን በሚያቅፈው መደብ) ውስጥ ነበሩ፤ በ2005 በቪየና የተካሄደው ዓለም አቀፍ የዕፅዋት ጥናት ጉባኤ ግን አካሺያ የሚለው ስም አብዛኞቹ በአውስትራሊያ ለሚገኙት ዝርያዎች እንዲቀር ወሰነ፤ ውሳኔው በ2011 በሜልቦርን ጉባኤ ከጸና በኋላ የእኛዎቹ በአብዛኛው ቫቸሊያ እና ሴኔጋሊያ በሚባሉ ወገኖች ተከፋፈሉ። ዝግባም በድሮ መዛግብት ፖዶካርፐስ ተብሎ ሲገኝ ዛሬ አፍሮካርፐስ ይባላል። እምቦጭም ቢሆን ኢክሆርኒያ መባሉ ቀርቶ ፖንቴዴሪያ ሆኗል። ስለዚህ የድሮ ሳይንሳዊ ስም ከአዲሱ ጋር የሚያያዝበት ዝርዝር ከሌለ፣ የሀገሩን ስም በማጥፋት የሚገኝ ጥቅም የለም፤ መዝጋቢው ያየውን የሚነግረን ብቸኛ ምስክር ግን ይጠፋል።

ወይናደጋ፦ እኔ አሁንም የምለው ያንኑ ነው። ሳይንሳዊ ስም ቢቀየር እንኳ የተቀየረበትን ማግኘት ይቻላል፤ «ግራር» ብሎ የጻፈ ሰው ምን እንዳየ ግን ማንም አያውቅም።

የሐርቡ ልጅ፦ የጥያቄውን አነሳስ አልስማማበትም። ጠያቂው ስሞቹ ችግር እንዳመጡ አድርገው ጽፈዋል፤ ገበሬው ግን አልተሳሳተም። በእኛ አካባቢ አንድ ሽማግሌ ቢጠየቁ የሐበሻ ጥድንና የፈረንጅ ጥድን፣ ነጭ ባሕር ዛፍንና ቀይ ባሕር ዛፍን ለይተው ይነግሩዎታል። ልዩነቱ የጠፋው ቅጹ ላይ ለስሙ አንዲት ጠባብ ሳጥን ስለተሰጠችው፣ መዝጋቢውም ቸኩሎ «ጥድ» ብቻ ብሎ ስላለፈ ነው። ቅጾቹን አውጥተው የማስታወሻውን ዓምድ ይመልከቱ፤ «የሐበሻ» ወይም «የፈረንጅ» የሚለው ቃል እዚያ ተጽፎ ሊያገኙት ይችላሉ።

ጠያቂ (የመስክ መዝገብ)፦ ስለ መልሳችሁ አመሰግናለሁ። ቦታው ደቡብ ወሎ፣ ከደሴ ዙሪያ እስከ ሐርቡ ነው። የወረቀት ቅጾቹ አሉ፤ ማስታወሻ ግን ያለው በአንዳንዶቹ ላይ ብቻ ነው። ፎቶግራፍ የተነሣው ከፊሉ ነው። ጊዜ ስለሌለኝ እባካችሁ ምን ልጫን የሚለውን ንገሩኝ።

ዶቅማ፦ ፕሮግራሙ ለፈረንጅ ጥድ ዜግነት ሰጥቶታል ማለት ነው! ወደ ቁም ነገሩ ስመለስ፣ በአንድ ቁልፍ የሚፈታ ስላልሆነ ዛሬ ማታ የሚሠራውን በቅደም ተከተል ልጻፍልዎት። በመጀመሪያ ፕሮግራሙ ስሞቹን ከመለወጡ በፊት የነበረውን ፋይል እንዳለ ያስቀምጡ፤ መዝጋቢው የጻፈው ስም ፊደሉ ሳይነካ በራሱ ዓምድ ይቀመጥ፣ ሳይንሳዊው ስም ደግሞ ማን እንደወሰነው ከሚገልጽ ቃል ጋር በሌላ ዓምድ ይግባ። ብዝኃ ሕይወት ለሚመዘግቡ ቋቶች የተዘጋጀው ዳርዊን ኮር የተባለው መስፈርትም እነዚህን ሁለቱን ለየብቻ ያስቀምጣል።

ማስረጃ ለሌለው መዝገብ ዝርያ አይገምቱ፤ ወደ ላይኛው ደረጃ ይመለሱ እንጂ። የሐበሻ ጥድና ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣው የፈረንጅ ጥድ ሁለቱም በኩፕረሴሲኤ አስተኔ (ተቀራራቢ ወገኖችን በሚያቅፈው ሰፊ መደብ) ውስጥ ስለሆኑ፣ ያልተለየው «ጥድ» በአስተኔው ስም ቢመዘገብ ትክክል ነው። ያልተለየው ባሕር ዛፍ በወገኑ፣ ማለትም ዩካሊፕተስ ተብሎ ብቻ ይገባል። «ግራር» ግን ቫቸሊያ፣ ሴኔጋሊያና ፋይደርቢያ የተባሉ ሦስት ወገኖችን ስለሚነካ ከፋቤሲኤ አስተኔ በታች አይውረዱ። በ«ቁልቋል» ላይ ይህ ዘዴ አይሠራም፤ ምክንያቱም ወተት የሚያወጣው የሀገራችን ቁልቋል ከዩፎርቢኤሲኤ፣ ፍሬው የሚበላውና በለስም የሚባለው ባለ ጠፍጣፋ ግንዱ ደግሞ ከካክቴሲኤ በመሆናቸው የሚገናኙት እጅግ ሩቅ ላይ ነው። እነዚያን መዝገቦች አንድ በአንድ ከወረቀቱ ጋር ማመሳከር ግድ ይላል።

አንጋፋው፦ ፎቶግራፍ ላለው ጥድ ፍሬውን ያጉሉት። የሐበሻው ፍሬ ሥጋማና ወደ ሰማያዊ ያደላ ጥቁር ሆኖ አተር የሚያክል ነው፤ የፈረንጁ ግን እንጨትነት ያለውና በቅርፊቶቹ መካከል ተሰንጥቆ የሚከፈት ድቡልቡል ነው።

ኮምፒውተር ቤት፦ የባሕር ዛፉን ነገር ማንም አልመለሰውም። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ለእኛ አንድ ድምፅ ቢሆኑም ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። የመዝጋቢውን ጽሑፍ ግን አይለውጡት። በኤክሴል ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ተጨማሪ ዓምድ ከፍተው፣ በዚያ ውስጥ ሐን እና ኀን በሀ፣ ሠን በሰ፣ ዐን በአ፣ ፀን በጸ ይተኩ፤ ከሐ እስከ ሖ ያሉት ሰባቱም ቤቶች በየራሳቸው መተካት እንዳለባቸው አይርሱ። ከስሙ በፊትና በኋላ የቀረ ባዶ ቦታም ስሙን «የማይታወቅ» ስለሚያሰኘው አብረው ያጽዱት። ከስም ዝርዝሩ ጋር የሚመሳከረው ይህ ዓምድ ይሁን።

ወይናደጋ፦ የመረጃው ባለቤት ሳይንሳዊ ስም ብቻ ነው የሚቀበለው ቢሉስ?

ዶቅማ፦ አስተኔና ወገንም ሳይንሳዊ ስም ናቸው፤ ቅጹ የዝርያ ስም ባዶ ሲሆን የማይቀበል ከሆነ ግን ከማስረከብዎ በፊት ደውለው ይጠይቁ።

ዋንዛ ሥር፦ ስለ ግራሩ አንድ ነገር ልጨምር። ፋይደርቢያ አልቢዳ የተባለው ግራር ከሌሎቹ በተለየ በክረምት ቅጠሉን ያራግፍና በበጋ ይለመልማል። ቅጹ የተሞላው በነሐሴ ከሆነና መዝጋቢው «ቅጠል የለውም» ብሎ ከጻፈ፣ እሱን ቫቸሊያ አቢሲኒካ ብለው አያስረክቡ። ቆጠራው በየትኛው ወር እንደነበረ ሊነግሩን ይችላሉ?

የሐርቡ ልጅ፦ ጠያቂያችን፣ ማስረከቢያው እንዴት ሆነ? በማስታወሻው ዓምድ ላይ ያገኙት ካለ ቢያሳውቁን፣ የእኛ ወረዳ ቅጾችም በዚያው ፕሮግራም ሊገቡ ስለሆነ ሳጥኗን አስቀድመን እናሰፋት ነበር።