ቴንሱን ይሠሩታል፣ አፋቸው ግን አልፈታ አለ፤ ምን ይሻላል?

የማታ አስተማሪ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ አቶቴ አካባቢ ማታ ማታ ለአዋቂዎች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ክፍሌ ውስጥ 18 ሰው አለ። ገሚሶቹ ሐይቅ ዳር ካሉ ሆቴሎች የሚመጡ አስተናጋጆችና ሪሴፕሽን የሚሠሩ ልጆች ናቸው። ሌሎቹ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሰዎች ናቸው፤ ሱፐርቫይዘሮች፣ ኳሊቲ የሚቆጣጠሩ፣ አንዲት የሰው ኃይል ሠራተኛም አለች። ጡረታ የወጡ አንድ አባትም አሉን። ልጃቸው የምትኖረው ውጭ አገር ነው። የልጅ ልጆቻቸው አማርኛ ስለማይሰሙ በስልክ ሊያወሯቸው ይፈልጋሉ።

ችግሬ ይኼ ነው። ፓስት ፐርፌክት ብሰጣቸው ባዶ ቦታውን ሞልተው ይመልሱልኛል። ፈተና ላይ አይታሙም። እንግዳ ፊታቸው ቆሞ «ክፍሌ ውስጥ ሙቅ ውሃ የለም» ሲላቸው ግን ምላሳቸው ይተሳሰራል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ የተማሩ ሰዎች ናቸውኮ! ቃሉን አያጡትም፤ አይወጣላቸውም እንጂ።

የምንገናኘው በሳምንት 3 ቀን፣ በቀን 90 ደቂቃ ነው። ግራመሩን ልተወው? ክፍል ውስጥ አማርኛ ልከልክል? ስህተት በሰማሁ ቁጥር ላርም? ደግሞ ሁሌ «በስንት ወር እንጨርሳለን?» ይሉኛል። መንገድ ላይ «እንግሊዝኛ በ3 ወር» የሚለውን ማስታወቂያ እያዩ ነው የሚመጡት። ምን ልበላቸው?

ጡረተኛው መምህር፦

ልጄ፣ መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። 90 ደቂቃ አለህ። ከዚያ ውስጥ 60ውን አንተ ብታወራ (አብዛኞቻችን ከዚያም በላይ ነው የምናወራው) የሚቀርህ 30 ደቂቃ ነው። ለ18 ሰው ሲካፈል ለአንዱ ሁለት ደቂቃ እንኳ አይደርሰውም። በሳምንት አምስት ደቂቃ ተናግሮ ማን አፉን ይፈታል?

አሁን ጥንድ ጥንድ አድርገህ አስቀምጣቸው። በአንድ ጊዜ 9 ሰው ያወራል። 20 ደቂቃ ብትሰጣቸው ለእያንዳንዱ 10 ደቂቃ ደረሰው። ገንዘብ አላወጣህም፣ ሰዓት አልጨመርክም።

ጥንድ ማድረግ ብቻውን ግን ወሬ ይሆናል። አንድ የቆየ ዘዴ አለ፤ «አራት ሦስት ሁለት» ይሉታል። ኪት ሞሪስ የተባለ መምህር እ.ኤ.አ. በ1983 ጻፈበት፤ በኋላ የኒውዚላንዱ ፖል ኔሽን በሰፊው አስተዋወቀው። አሠራሩ ቀላል ነው። አንዱ ለጓደኛው አንድ ነገር በ4 ደቂቃ ይናገራል። ከዚያ ሰው ቀይሮ ያንኑ ነገር በ3 ደቂቃ ይደግመዋል። አሁንም ሌላ ሰው ጋር ሄዶ በ2 ደቂቃ። አድማጩ አያቋርጥም። በድምሩ 9 ደቂቃ ነው። ከዚያ አድማጭ የነበሩት ተናጋሪ ይሆናሉ፤ ሌላ 9 ደቂቃ።

ርዕሱን ከራሳቸው ሥራ አምጣው፤ «ትናንት ያስቸገረኝ እንግዳ» በላቸው። በመጀመሪያው ዙር የምትሰማው «ዘ ገስት... እ... ሂ... ዘ ኪ... እ... ሎስት...» ነው። በሦስተኛው ዙር ያችው ልጅ «ዘ ገስት ሎስት ሂዝ ኪ፣ ሶ አይ ኮልድ ዘ ማኔጀር» ትልሃለች። አዲስ ነገር አላስተማርካትም። ሰዓቱ አጠረባት፣ ወሬው ደግሞ ተለመዳት፤ ለማሰብ ስትቆም የምታባክነው ጊዜ ቀረ።

አንድ ነገር አጥብቀህ ያዝ። በዚህ ሰዓት አዲስ ቃል የለም፣ አዲስ ቴንስ የለም። የሚያውቁትን ቶሎ ማውጣት ነው የምታለማምደው። ከበድ ያለ ርዕስ ሰጥተህ «ስለ ዓለም ኢኮኖሚ ተወያዩ» ብትላቸው ያው ጸጥ ይላሉ። ኔሽን የቋንቋ ኮርስን ጊዜ አራት ቦታ ይከፍለዋል፤ ለመረዳት መስማትና ማንበብ፣ ሐሳብን ለማስረዳት መናገርና መጻፍ፣ ቋንቋውን ራሱን ማጥናት፣ አራተኛው ይህ የቅልጥፍና ልምምድ ነው። ለእያንዳንዱ ሩብ ሩብ። እኛ አገር ሦስተኛው ብቻውን ቤቱን ሞልቶታል።

የሌሊት ሺፍት፦

እኔ በተማሪ በኩል ላውራ፤ ሪሴፕሽን ነው የምሠራው። የጋሼ ሐሳብ ተመችቶኛል። ግን ሰውን የሚያስረው ቋንቋው ብቻ አይደለም። አለቃህ አጠገብህ ተቀምጦ ነው የምትማረው! ከአንድ ሆቴል የመጡትን አታጣምራቸው። አስተናጋጇ ከፋብሪካው ሰው ጋር ትሁን፣ የእሷ ሱፐርቫይዘር ክፍሉ ሌላኛው ጥግ ይሂድ። ያን ቀን ድምፅዋን ትሰማለህ።

ሌላው፣ ቃል በቃል እየገጣጠምን ነው የምንናገረው፤ ስለዚህ እንዘገያለን። ያለቀለት ዓረፍተ ነገር ስጡን። «ለት ሚ ቼክ ፎር ዩ»፣ «አይ ዊል ሴንድ ሰምዋን ራይት አዌይ»፣ «ኩድ ዩ ሴይ ዛት አጌን፣ ፕሊስ?» እነዚህ ሳይታሰቡ ከአፍ መውጣት አለባቸው። የመጀመሪያዋ በተለይ ጊዜ ትገዛለች። እሷን ብለህ ኮምፒውተሩን ስታይ ቀጣዩን ታስባለህ። እንግዳው ደግሞ እየተስተናገደ ይመስለዋል 😀

ስልክ ደግሞ ከፊት ለፊት ይብሳል። የሰውየው አፍም እጅም አይታይም። ስለዚህ ወንበሮቹን ጀርባ ለጀርባ አድርጋችሁ አለማምዱን። አንዱ ክፍል ይይዛል፣ አንዱ ይመዘግባል፤ ስም፣ ቀን፣ ስንት ሌሊት፣ የሚደርስበት ሰዓት። ሲጨርሱ የተመዘገበውን ያመሳክሩ። ሰዓቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እኛ «ሁለት ሰዓት» ስንል ፈረንጁ ስምንት ነው የሚለው፤ ኤርፖርት የሚሄድ መኪና በዚህ ሲበላሽ አይቻለሁ።

ኮማ ጠባቂ፦

ጋሼን አከብራለሁ፤ ግን ትንሽ ልከራከር። ስህተቱን ሳታርም ሦስት ጊዜ ካስደገምከው ያስለመድከው ስህተቱን ነው። «ሺ ዶንት ኖው» ያለ ሰው በሦስተኛው ዙር «ሺ ዶንት ኖው»ን በፍጥነት ይለዋል። ሲሚንቶው ከደረቀ በኋላ በመዶሻ ነው የሚነሳው። የፋብሪካው ሰዎች ደግሞ ለገዢ ኢሜይል ይጽፋሉ። ቅልጥፍና ብቻ አያበላቸውም።

ጡረተኛው መምህር፦

ልክ ነህ፤ እኔም በዙሮቹ መካከል ያለውን አልተናገርኩም። መጀመሪያው ዙር ላይ አስተማሪው እየዞረ ይሰማል። ወረቀት ላይ የብዙ ሰው ስህተት የሆኑትን ሁለት ሦስት ብቻ ይይዛል። 4 ደቂቃው ሲያልቅ ሰሌዳው ላይ ይጽፋቸዋል። ስም አይጠራም። «ይህን እንዴት እናስተካክል?» ብሎ እነሱ ያስተካክላሉ፤ ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ ሁለተኛው ዙር። የተስተካከለው ወዲያው አፋቸው ላይ ይውላል።

ሰው እያወራ ግን አታቋርጠው። አዋቂ ሰው ሁለቴ ከታረመ ሦስተኛ አይናገርም፤ ልጅ ነው የማይቀየመው። ግራመሩን ደግሞ አትጣለው፣ ወደ ቤት ላከው። ባዶ ቦታ መሙላት ብቻውን የሚሠራ ሥራ ነው፤ የሚያናግረው ሰው ግን ቤቱ የለም።

የአለታው ልጅ፦

እኔ አፌን የፈታሁት በሲዳሙ አፎ ነው። አማርኛን የለመድኩት ሐዋሳ ገበያ፣ እናቴ ቆጮ ስትሸጥ አጠገቧ ቆሜ ነው። «ስንት ነው?»፣ «ቀንሺልን»፣ «አያዋጣም»፣ «እሺ ጨምሩበት»፤ ቀኑን ሙሉ ያው ነው፣ የሚቀያየረው ገዢው ነው። ጋሼ ያሉት ዘዴ ሲነበብ ገበያው ትዝ አለኝ። አንድ ዓይነት ወሬ፣ አዲስ ሰው፣ የሚቸኩል ሰው።

አማርኛ ልከልክል ወይ ላልከው፣ አትከልክል። የጨዋታውን ሕግ በአማርኛ በአንድ ደቂቃ አስረዳቸው። በእንግሊዝኛ አሥር ደቂቃ ስታስረዳ የሚያልቀው የእነሱ ሰዓት ነው። ልምምዱ ከተጀመረ በኋላ ግን አማርኛ የለም። የጠፋበት ሰው በሌላ ቃል ይዙርበት፤ «ማንቆርቆሪያ» ከጠፋው «ዘ ቲንግ ፎር ቦይሊንግ ዋተር» ይበል። ያም ቋንቋ ነው።

ዓሣ ገበያ፦

አሞራ ገደል አካባቢ ቱሪስት አስጎበኛለሁ። አንዳንድ አስተማሪዎች ተማሪ ይዘው ይመጡና ፈረንጅ ላይ ይለቋቸዋል። ተው በሉ! ሰውዬው የተጠበሰ ቆሮሶውን ሊበላ ተቀምጦ «ዌር አር ዩ ፍሮም?» የሚሉ 18 ሰዎች ሲከቡት ዓሣውን ትቶ ነው የሚነሳው። ተማሪዎቹም ከዚያች ጥያቄ አያልፉም።

ይልቅ ጆሯቸውን ሥራበት። የማይሰማ ሰው አይመልስም። ቀላል ነገር ይስሙ፤ ከሚሰሙት አብዛኛውን የሚረዱት ይሁን። የአሜሪካ ድምፅ እ.ኤ.አ. በ1959 ለቋንቋ ተማሪዎች ዝግ ያለ እንግሊዝኛ ጀምሮ ነበር፤ ወደ 1,500 በሚሆኑ ቃላት ብቻ ቀስ ተብሎ የሚነበብ። እንደዚያ ዓይነት ቅጂ በቴሌግራም ግሩፓችሁ ላይ ጫንላቸው። ዋይፋይ ያለበት አውርደው ባጃጅ ውስጥ ይስሙት። አንዱን ሦስት አራት ጊዜ። ከዚያ የሰሙትን በአንድ ደቂቃ ቮይስ ለጓደኛቸው ይላኩ። ቮይስ ደግነቱ ካልወደድከው አጥፍተህ እንደገና ትቀዳለህ፤ ሳታውቀው ደጋገምከው ማለት ነው። ለዓይን አፋሮች ከዚህ የተሻለ አላየሁም።

ለፈረንጅ አማርኛ አስተማሪ፦

ስለ «ስንት ወር» ልበል። የአሜሪካ ዲፕሎማቶች የሚማሩበት ተቋም አማርኛን ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ከባድ ከሚላቸው ውስጥ ይመድበዋል። ለሥራ የሚያበቃ ደረጃ ለመድረስ 44 ሳምንት፣ ወደ 1,100 የክፍል ሰዓት ይገምታል። ያውም ሥራቸው መማር ብቻ ለሆነ ሰዎች። ስፓኒሽ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው የሚወስድባቸው። መራራቁ ለሁለቱም ወገን ነው፤ እኛ ግሱን ለመጨረሻ ስናስቀምጥ እነሱ መሐል ላይ ያደርጉታል።

ያንተ ክፍል በሳምንት 4 ሰዓት ተኩል ነው። በሦስት ወር 60 ሰዓት አይሞላም። ተማሪዎችህ ከዜሮ አይነሱም፤ የት/ቤት እንግሊዝኛ አላቸው፣ ያ ትልቅ ስንቅ ነው። ቢሆንም «እንግሊዝኛ ትጨርሳላችሁ» አትበላቸው። የሚሠሩትን ነገር ንገራቸው፤ «በሁለት ወር ውስጥ አንድ እንግዳ ከበር እስከ ክፍሉ ወደ አማርኛ ሳትዞሩ ታስገባላችሁ» በላቸው። አባታችንም «የልጅ ልጄን ስለ ት/ቤቷ አምስት ጥያቄ ጠይቄ መልሷን እረዳለሁ» የሚል ግብ ይያዙ። ለአዋቂ ይህ ነው የሚጨበጠው።

ዛሬ እያንዳንዱን ስለ ሥራው ሁለት ደቂቃ አስወርተህ በስልክ ቅዳው። ከስምንት ሳምንት በኋላ ያንኑ ርዕስ እንደገና። በደቂቃ ስንት ቃል እንዳለ ቁጠር፣ ዝምታው የት የት እንደነበር ስማ። ለሚነዘንዝህ ሁሉ ያን ታሰማዋለህ።

የማታ አስተማሪ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም! ሰኞ በ«አራት ሦስት ሁለት» እጀምራለሁ። ጀርባ ለጀርባውንም ወድጄዋለሁ። ሦስት ነገር ብቻ ቀረኝ። ሺፍት ስለሚቀያየር ብዙ ጊዜ ጎዶሎ ቁጥር ይመጣል። አባታችን ደግሞ እየተነሱ ሰው መቀየር ይከብዳቸዋል። ክፍሉም የተከራየነው ነው፤ ዘጠኝ ሰው እኩል ሲያወራ ጎረቤት አያማርርም?

ጡረተኛው መምህር፦

ጎዶሎ ሲሆን አንዱን ቡድን ሦስት አድርገው። ሦስተኛው አድማጭ በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ። አንተ ጥንድ አትሁን፤ ከገባህ ማን ይሰማል?

አባታችንን አታስነሳቸው። ወንበሮቹን በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት አድርግ። አንዱ ረድፍ ቁጭ እንዳለ ይቀራል፤ የሚንቀሳቀሰው ሌላው ረድፍ ነው፣ አንድ ወንበር ወደ ቀኝ። እሳቸው ከማይነሳው ረድፍ ይሁኑ። ተራቸው ደርሶ ሲናገሩም አድማጮቹ ናቸው የሚዞሩት።

የሌሊት ሺፍት፦

ለጎረቤቱ መስኮት ዝጉ፣ በዚያ ሙቀት ከቻላችሁ 😅 ደግሞ ሰዓቱን በስልክ አላርም ብቻ አትያዝ። ክፍሉ ሲሞቅ አይሰማም። መብራቱን ብልጭ አድርገው፤ ከሄደ ደግሞ አጨብጭብ።