ቴነር ባንጆ ለአየርላንድ ዜማ፦ በጂ-ዲ-ኤ-ኢ ይቃኝ ወይስ በሲ-ጂ-ዲ-ኤ?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የአየርላንድን ባህላዊ ዜማ ልማር ብዬ ያገለገለ ቴነር ባንጆ (ባለ አራት ክሩን ባንጆ) ገዛሁ። 17 ፍሬት (አንገቱ ላይ ኖቶቹን የሚለዩ የብረት መስመሮች) ያለው፣ አንገተ አጭሩ ነው። ከወፍራሙ ክር ሲጀመር ሲ፣ ጂ፣ ዲ፣ ኤ በሚባሉት ኖቶች ተቃኝቷል። የሸጠልኝ ሰው «ቅኝቱን እንዳትነኪው፤ አንገቱ የተሠራው ለዚህ ነው» ብሎኛል። እዚህ ደብሊን የማያቸው ተጫዋቾች ግን ጂ፣ ዲ፣ ኤ፣ ኢ ነው የሚቃኙት። የቱን ልያዝ? ከነምክንያቱ ንገሩኝ።

ቫዮሊን ተጫዋች፦ እህቴ፣ ሳታመነቺ ወደ ጂ-ዲ-ኤ-ኢ አውርጂው። ይህ የቫዮሊንና የማንዶሊን ቅኝት ነው፤ ልዩነቱ አንድ ኦክታቭ (ያው ኖት ስምንት ደረጃ ዝቅ ብሎ) መውረዱ ብቻ ነው። የአየርላንድ ፉጨት ዋሽንትና የከረጢት ዋሽንት በአብዛኛው በዲ ስለሚሠሩ ሪልና ጂግ የሚባሉት የጭፈራ ዜማዎች የሚበዙት ዲን ወይም ጂን መነሻ አድርገው ነው። በዚህ ቅኝት ዲና ኤን ክሩን ሳትጫኚ ታገኛቸዋለሽ። አጠገብሽ የተቀመጠውን ቫዮሊን ተጫዋች ጣት አይተሽም ዜማውን ትይዣለሽ፤ ዜማ በጆሮና በዓይን በሚወረስበት ቦታ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቅኝቱን በሰፊው ያስለመደው ደብሊነርስ የተባለው የአየርላንድ ሙዚቃ ቡድን ባንጆ ተጫዋች ባርኒ ማክኬና ነው። ቡድኑ በ1962 እ.ኤ.አ. ከተመሠረተ በኋላ እሱን የሰማ ሁሉ ባንጆውን እንደ እሱ መቃኘት ጀመረ።

የአሮጌ ባንጆ ወዳጅ፦ ማክኬናን እኔም እወደዋለሁ፤ ግን እሱ ስለቃኘው ብቻ ትክክል አይሆንም። ቴነር ባንጆ በ1910ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ለዳንስ ባንዶች ሲስፋፋ የተለመደው ቅኝት ሲ-ጂ-ዲ-ኤ ነበር። የአንገቱ ርዝመትና የክሩ ውጥረት የተመዛዘነው ለዚያ ነው። በአጭር አንገት ላይ ወፍራሙን ክር ወደ ጂ ስታወርጂው ይላላል፤ ጠንከር አድርገሽ ስትመቺው ድምፁ ይዋዥቃል፣ ፍሬቱን እየነካ ይንዛዛል። የአየርላንድ ባንጆ ነፍሱ ደግሞ ሦስቱን ኖት ባንድ ትንፋሽ የሚያስወጣው የፒክ (የክር መምቻዋ ቁራጭ) ምት ነው። በላላ ክር ላይ ያ ምት ጥርት ብሎ አይወጣም።

ጣትንም እንቁጠር። በሲ-ጂ-ዲ-ኤ ከቫዮሊኑ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብለሽ ስትጫወቺ የዜማው ታችኛው ዲ በሲ ክር 2ኛ ፍሬት ላይ ነው፤ ላይኛው ቢ በኤ ክር 2ኛ ፍሬት ላይ። በጂ-ዲ-ኤ-ኢ ግን ያንኑ ቢ ለማግኘት ትንሿ ጣት እስከ 7ኛ ፍሬት መዘርጋት አለባት። ለጀማሪ እጅ የቱ ይቀላል?

ቫዮሊን ተጫዋች፦ ቆጠራህ ልክ ነው፤ ግን ግማሹን ነው የቆጠርከው። በዲ ሜጀር ታችኛው ኤፍ ሻርፕ (ከኤፍ በግማሽ ድምፅ ከፍ ያለው ኖት) በሲ ክር 6ኛ ፍሬት፣ ሲ ሻርፕም በጂ ክር 6ኛ ፍሬት ላይ ይወድቃሉ። በእኔ ቅኝት ሁለቱም 4ኛ ፍሬት ላይ ናቸው። ላይ ያተረፍከውን መዘርጋት ታች ትከፍለዋለህ ማለት ነው። ደግሞ በጂ የሆኑና ከዲ በታች ወርደው የቫዮሊኑን ወፍራም ክር የሚነኩ ዜማዎች አሉ። አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብለህ ስትጫወት እነዚያ ኖቶች ከአንተ ሲ ክር በታች ስለሆኑ ባንጆህ ላይ የሉም። እዚያ ስትደርስ ሐረጉን ገልብጠህ ወደ ላይ ማውጣት አለብህ። እኔ ይህን ለጀማሪ አልመክርም።

ክራር ወዳድ፦ ይቅርታ፣ ልግባ። እኛ ክራርን ከትዝታ ወደ ባቲ ስንሄድ እንደገና እንቃኛለን፤ ማንም አያማርርም። ባንጆስ ለምን አንድ ቅኝት ላይ ይታሰራል? ጂ-ዲ-ኤ-ዲ የሚባልም አለ አሉ።

ቫዮሊን ተጫዋች፦ አለ፤ ግን የቡዙኪ (አንገተ ረጅም የግሪክ የክር መሣሪያ) ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአየርላንዱ ሙዚቀኛ ጆኒ ሞይኒሃን ቡዙኪን ወደ አየርላንድ ሙዚቃ ካስገባ ወዲህ ለማጀቢያ ተመራጭ ሆኗል፤ ላይኛው ዲ ያለማቋረጥ እንዲያስተጋባ። ባንጆ ግን ዜማውን ራሱን ነው የሚጫወተው፤ በአንድ ቁጭታም ከዲ ወደ ጂ፣ ከዚያ ወደ ኤ ዜማ ሳይቆም ይሸጋገራል። በመሃል ለመቃኘት ጊዜ የለም።

ክር ቀያሪ፦ ስለ መላላቱ የተነሳው ቅሬታ እውነት ነው፤ ጥፋቱ ግን የቅኝቱ ሳይሆን የክሩ ነው። ከሲ-ጂ-ዲ-ኤ ወደ ጂ-ዲ-ኤ-ኢ ሲወረድ አራቱም ክሮች እኩል፣ ማለትም «አራተኛ» በሚባለው የድምፅ ርቀት (ለምሳሌ ከሲ ወደ ታችኛው ጂ) ይወርዳሉ፤ በድሮው ቀጭን ክር ላይ ይህን ስታደርጊ መላላቱ አይቀርም። ለዚህ ቅኝት የተለመደው ውፍረት ከቀጭኑ ጀምሮ 0.012፣ 0.020፣ 0.030 እና 0.040 ኢንች ነው። አንገትሽ አጭር ስለሆነ ከዚያም ትንሽ ወፈር ያለ ሊስማማሽ ይችላል።

እህቴ፣ ሦስት ነገር ልብ በይ። ቀጭኑን ክር ከኤ ወደ ላይኛው ኢ እንዳትስቢው፤ ይበጠሳል፣ ዓይንሽንም ሊመታ ይችላል። አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያልፉባቸው ቦዮች ለቀጭን ክር የተቆረጡ ናቸው፤ ባለሙያ በሞረድ ያስፋልሽ። ድልድዩ (ክሮቹን ከቆዳው በላይ የሚደግፈው እንጨት) የተጣበቀ ሳይሆን ክሮቹ ተጭነው የያዙት ስለሆነ ክሮቹን አንድ በአንድ ቀይሪ። ስትጨርሺ 12ኛው ፍሬት ላይ የሚወጣው ድምፅ ከባዶው ክር ልክ አንድ ኦክታቭ ከፍ ማለቱን አረጋግጪ፤ ካላለ ድልድዩን በትንሹ አንቀሳቅሺ።

የአሮጌ ባንጆ ወዳጅ፦ ወፍራም ክር መላላቱን ያቃልለዋል፤ አልክድም። ነገር ግን በአጭር አንገት ላይ ወፍራም ክር ድምፁን ያፍነዋል፤ የባንጆን ጥራት ለቅኝት ሲባል መሠዋት ይሆንብኛል። ጂ-ዲ-ኤ-ኢን ከፈለግሽ 19 ፍሬት ያለውን ረዘም ያለ አንገት ፈልጊ። 17ቱን እንደ ተፈጥሮው ተይው።

ጠያቂዋ፦ ሁለተኛ ባንጆ የምገዛበት አቅም አሁን የለኝም። ከሌሎች ጋር ተቀምጬ መጫወት ስለምፈልግ ጂ-ዲ-ኤ-ኢን መርጫለሁ፤ ክሩን አዝዣለሁ፣ ቦዮቹንም ባለሙያ ጋ እወስዳለሁ። ወፍራሙ ክር እንደተባለው ታፍኖ ከተሰማኝ ግን ከ0.040 ወደ ላይ ልውጣ ወይስ ልውረድ?

ክር ቀያሪ፦ ከታፈነ ውረጂ፣ ከተንዛዛ ውጪ። ከዚያ በፊት ግን በባንጆው ፊት ላይ የተወጠረው ቆዳ ውጥረት ልክ መሆኑን ለባለሙያው አሳዪ፤ ረግቦ ከሆነ የትኛውም ክር ጥርት ብሎ አይሰማም።