ጥቆማ፦ የመልእክት ወረፋን ለመማር ከየትኛው ምርት ልጀምር?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው በአዲስ አበባ፣ በሻሸመኔ እና በሐዋሳ መጋዘን ባለው አንድ የግንባታ ዕቃ አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ ነው። የፓይተን ፕሮግራም ቋንቋን እና ጃንጎ የተባለውን የድረ ገጽ መሥሪያውን እችላለሁ። ሦስቱም ቅርንጫፎች አዲስ አበባ ካለው ሰርቨር ጋር በቀጥታ ስለሚገናኙ፣ መስመር በተቋረጠ ቁጥር ሽያጭ ይቆማል። ሜሴጅ ኪው (የመልእክት ወረፋ፦ አንዱ ፕሮግራም የላከውን መልእክት ሌላው እስኪቀበለው የሚያቆይ ሥርዓት) መማር እንዳለብኝ ተነግሮኛል፤ ነገር ግን አንዱ ካፍካን፣ ሌላው ራቢትኤምኪውን፣ ሌላው ደግሞ የአማዞንን አገልግሎት ይመክረኛል። ገና ለሚማር ሰው የሚሻለው የትኛው ነው? ለአገልግሎት የምከፍለው ብዙ ገንዘብ የለኝም።

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። በእርስዎ ሁኔታ ከምርቱ ስም ይልቅ ወረፋው የሚቀመጥበት ቦታ ስለሚወስን ከእርሱ ልጀምር። ወረፋውን አዲስ አበባ ላይ ብቻ ቢተክሉት፣ የሐዋሳው መስመር ሲቋረጥ ሻጩ መልእክቱን ወደ ወረፋው ማድረስ አይችልምና ሽያጩ እንደ ቀድሞው ይቆማል። ስለዚህ ሽያጩ መጀመሪያ በቅርንጫፉ ውስጥ ባለ ዳታቤዝ መመዝገብ፣ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት የሚሄደው መልእክትም እዚያው ቅርንጫፉ ውስጥ ሆኖ መስመሩ እስኪመለስ መጠበቅ አለበት።

ለዚህ ሥራ የመጀመሪያ ጥቆማዬ ምንም አዲስ ነገር የማያስገዛዎት ፖስትግሬስ የተባለው ነፃ ዳታቤዝ ነው። የእርስዎ ፕሮግራም የሽያጩን ረድፍ በሚመዘግብበት በዚያው ትራንዛክሽን ውስጥ አንድ ተጨማሪ ረድፍ «ወጪ መልእክት» በሚባል ሠንጠረዥ ላይ ይጻፍ፤ ሁለቱ አብረው ይጻፋሉ፣ ካልሆነም ሁለቱም አይጻፉም። ከዚያ በኋላ አንድ አነስተኛ ፕሮግራም ያልተላኩትን ረድፎች እያነበበ ወደ አዲስ አበባ ይልካል፤ የመድረሻ ማረጋገጫ ሲያገኝ ብቻ «ተልኳል» ብሎ ምልክት ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በጥር 2016 ከወጣው 9.5 ስሪት ጀምሮ ፖስትግሬስ «ስኪፕ ሎክድ» የሚባል ትእዛዝ አለው። በእርሱ አማካይነት ብዙ ሠራተኛ ፕሮግራሞች አንድ ሠንጠረዥ ላይ ሳይጋጩ መሥራት ይችላሉ፤ አንዱ የያዘውን ረድፍ ሌላው ዘልሎ ቀጣዩን ይወስዳል። በቀን ጥቂት ሺህ ደረሰኝ ለሚቆርጥ ድርጅት ይህ ብቻውን ለረጅም ጊዜ ሊበቃ ይችላል፤ ከሁሉ በላይ ግን ወረፋ ምን እንደሆነ በገዛ እጅዎ ሠርተው ያዩበታል።

ሁለተኛው ጥቆማዬ፣ ጊዜዎን በዋናነት እንዲሰጡት የምፈልገው፣ ራቢትኤምኪው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ሲሆን የተጻፈው በኤርላንግ የፕሮግራም ቋንቋ ነው። የሚናገረው ኤኤምኪውፒ የሚባለው ፕሮቶኮል (የመልእክት መለዋወጫ ደንብ) ደግሞ ጄፒሞርጋን ቼዝ በተባለው የአሜሪካ ባንክ ውስጥ የተጀመረ በመሆኑ፣ ገና ከመነሻው የንግድ መልእክት እንዳይጠፋ ታስቦ የተነደፈ ነው። በነፃ ይገኛል፤ ፕሮግራሞችን በተዘጋጀ ጥቅል በሚያስነሣው በዶከር በአንድ ትእዛዝ ይነሣል፤ ተራ ላፕቶፕም ይችለዋል። በብሮውዘር የሚከፈተው የመቆጣጠሪያ ገጹ በ15672 ፖርት ላይ ስለሚገኝ፣ መልእክቶቹ ሲከማቹና ሲወጡ በዓይን ይታያሉ፤ ለተማሪ ይህን የሚያህል አስተማሪ አላውቅም። ከሌላ ኮምፒውተር ሲሞክሩ «ጌስት» የተባለው ነባር ተጠቃሚ ቢከለክልዎት አይደናገጡ፤ ያ ስም የሚሠራው ከራሱ ከሰርቨሩ ሲገቡ ብቻ ስለሆነ የራስዎን ተጠቃሚ ይፍጠሩ።

ኦፊሴላዊዎቹ የራቢትኤምኪው ትምህርቶች በፓይተንም ስለተጻፉ ከመጀመሪያው እስከ አምስተኛው በተራ ይሥሯቸው፤ መልስ እየጠበቁ ስለ መላክ የሚናገረው ስድስተኛው ለጊዜው ይቆይዎት። በሁለተኛው ትምህርት ላይ ግን አይቸኩሉ፤ ማረጋገጫ የሚባለው ነገር የሚብራራው እዚያ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል የሠራ ሰው ይህን ወዲያው ይረዳዋል፦ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ዕቃው ተራግፎ ሳይቆጠር ሞዴል 19 (የዕቃ መረከቢያ ደረሰኝ) አይቆርጥም፤ ከቆረጠ በኋላ የጎደለው ሁሉ በእርሱ ዕዳ ነው። መልእክት የሚቀበለው ፕሮግራምም እንዲሁ ሥራውን ጨርሶ ዳታቤዝ ላይ ሳይመዘግብ ማረጋገጫ መስጠት የለበትም።

ይህን የምጽፈው ዋጋውን ስላየሁት ነው። ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ ድርጅት፣ መልእክት እንደደረሰ ወዲያውኑ በራሱ ማረጋገጫ የሚሰጥ ፕሮግራም ጽፌ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ፤ ወረፋው «አስረክቤያለሁ» ብሎ ያጠፋቸው፣ ተቀባዩም ገና ያልመዘገባቸው ትእዛዞች በመካከል ቀሩ። ያወቅነው በወር መጨረሻ ቆጠራ ሲሆን፣ ልዩነቱ ለተገኘበት የመጋዘን ሠራተኛ ያ ሳምንት ቀላል አልነበረም። ስለዚህ መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ሦስት ነገሮች አብረው እንዲኖሩ አደራ እላለሁ፦ ወረፋው ሰርቨሩ ተነሥቶ ሲመለስ የማይጠፋ ዓይነት ይሁን፤ መልእክቱ ዲስክ ላይ እንዲቀመጥ ተብሎ ይላክ፤ ላኪውም ከወረፋው «ተቀብያለሁ» የሚል ምላሽ ሳያገኝ እንደተላከ አይቁጠረው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል የሌሎቹ ሁለቱ ጥንቃቄ አያድንም።

ጃንጎ ስለሚያውቁ ብዙ ሰው ሴለሪን፣ ማለትም የፓይተን ሥራዎችን በወረፋ በኩል ከበስተጀርባ የሚያሠራውን መሣሪያ፣ ይጠቁምዎታል። መልካም መሣሪያ ነው፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ነገር ግን ሴለሪ ካልተነገረው በስተቀር ማረጋገጫውን የሚሰጠው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ስለሆነ፣ ከላይ የነገርኩዎት ጥፋት ሳያውቁት ሊደርስብዎት ይችላል። «አክስ ሌት» የሚባለውን ቅንብር ይፈልጉ። የተሻለው ግን በመጀመሪያ ፓይተንን ከራቢትኤምኪው ጋር በሚያገናኘው ፒካ በሚባለው ላይብረሪ በቀጥታ ሠርቶ ነገሩ ከገባዎት በኋላ ወደ ሴለሪ ማለፍ ነው።

ሦስቱን ከተሞች በአንድ የራቢትኤምኪው ክላስተር (እንደ አንድ የሚሠሩ ሰርቨሮች ስብስብ) ለማስተሳሰር አይሞክሩ። ክላስተር የሚፈልገው በአንድ ግቢ ውስጥ እንዳለ ያለ አስተማማኝ መስመር ነው፤ በረጅም ርቀት መስመር ላይ እንዲተከልም አዘጋጆቹ ራሳቸው አይመክሩም። በየቅርንጫፉ ለብቻው የቆመ ወረፋ ቢኖርና ካንዱ ወደ ሌላው መልእክት የሚያሻግረው «ሾቭል» የተባለው ተጨማሪ ክፍል ቢያገናኛቸው፣ መስመር ሲቆረጥ ይጠብቃል፣ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል።

ካፍካን አሁን እንዲጀምሩት አልመክርም፤ ምክንያቱ ግን ደካማ መሆኑ አይደለም። ሊንክድኢን ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 ለሕዝብ የተለቀቀው ካፍካ በባሕርይው ወረፋ ሳይሆን መዝገብ ነው፦ መልእክቱ ከተነበበ በኋላም አይጠፋም፣ ካልለወጡት በስተቀር ለ7 ቀናት ይቆያል፣ እያንዳንዱ አንባቢም የት እንደደረሰ የሚያሳይ ምልክቱን ይዞ ይጓዛል። የአንድ ቀን ሽያጭን ከኋላ ተመልሶ እንደገና ማንበብ ለሚፈልግ፣ ወይም ያንኑ መረጃ ሒሳብ ክፍሉም፣ ግዢውም፣ የሪፖርት ሥርዓቱም በየራሳቸው ፍጥነት እንዲያነቡት ለሚሻ ትልቅ ድርጅት ተስማሚ ነው። በሦስት መጋዘን ደረጃ ግን የሚጨምረው ጥቅም ከሚጠይቀው እንክብካቤ ያንሳል። አንድ ቀን ሲማሩት የትምህርቱን ዓመተ ምሕረት ይመልከቱ፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው 4.0 ስሪት ካፍካ ሰርቨሮቹን ለማስተባበር ይጠቀምበት የነበረውን ዙኪፐርን ሙሉ በሙሉ ስለተወው፣ በዙኪፐር የሚጀምሩ ትምህርቶች ጊዜ ያለፈባቸው ናቸው። በራቢትኤምኪውም እንዲሁ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው 4.0 የድሮው የመስታወት ወረፋ (ቅጂው በብዙ ሰርቨር የሚቀመጥ ወረፋ) ተወግዷልና በእርሱ ቦታ የገቡትን «ኮረም» የተባሉትን ወረፋዎች የሚያስተምረውን ይምረጡ።

ኤስኪውኤስ የተባለው የአማዞን የወረፋ አገልግሎት ለመማር ቀላል ነው፤ በወር የመጀመሪያው 1 ሚሊዮን ጥያቄም በነፃ ነው። ያልተነበበ መልእክት ቢበዛ ለ14 ቀናት ያቆያል። ሆኖም ለመመዝገብ የውጭ ክፍያ የሚቀበል ካርድ ይጠይቃል፤ ሒሳቡም በዶላር ስለሚታሰብ፣ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ ወዲህ በብር በጀት ለሚሠራ ድርጅት ወጪውን አስቀድሞ መተመን ከባድ ሆኗል። በተጨማሪም ወረፋው ያለው ውጭ አገር ስለሆነ፣ ዓለም አቀፍ መስመር ሲቋረጥ ሻሸመኔ ከአዲስ አበባ ጋር መነጋገር የምትችል ሆና ሳለ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ውጭ አገር ላላችሁ አንባቢዎች ይህ ችግር ስለማይመለከታችሁ ምርጫችሁ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ሬዲስ የተባለው ፈጣን ዳታቤዝ አስቀድሞ ካለዎት ከ5.0 ስሪት ጀምሮ ያለውን «ስትሪምስ» የተባለ የመልእክት መዝገብ መሞከር ይችላሉ፤ መረጃውን በዋናነት የሚይዘው በዲስክ ሳይሆን በኮምፒውተሩ ራም ስለሆነ ግን ለማሳወቂያና ለኢሜይል እንጂ ለገንዘብ አልመርጠውም። ጃቫ የሚጠቀሙ ትልልቅ ተቋማት ውስጥ የሚገቡ ከሆነ አክቲቭኤምኪው ወይም የአይቢኤም ኤምኪው የተባሉ ሌሎች የወረፋ ምርቶች ያጋጥሙዎታል፤ ራቢትኤምኪውን የተማረ ሰው ሐሳባቸውን ለመረዳት አይቸገርም።

ስለ ሥልጠና፦ «5 ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለው አገራዊ ፕሮግራም ነፃ ስለሆነ ጀማሪ ለሆነ ባልደረባዎ እጠቁማለሁ፤ ትምህርቶቹ ግን መሠረታዊ ስለሆኑ ለእርስዎ ጥያቄ መልስ አያገኙባቸውም። ከፍሎ ከመማር ይልቅ በቤትዎ ሁለት ያረጁ ኮምፒውተሮችን አገናኝተው፣ መልእክት በመላክ ላይ ሳሉ የአንዱን የኤሌክትሪክ ገመድ መንቀል የበለጠ ያስተምርዎታል። ሲመለስ ስንት መልእክት እንደላኩና ስንቱ እንደተመዘገበ ይቁጠሩ።

ጥያቄ፦ እጅግ አመሰግናለሁ። ገመዱን ስነቅል አንዳንዱ መልእክት ሁለት ጊዜ ተመዘገበ። ስህተቱ የት ላይ ነው? በቴሌብር እና በቻፓ ክፍያ መቀበል ልንጀምር ስለሆነ አስጨንቆኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ በወረፋው በኩል ስህተት የለም። ተቀባዩ ከመዘገበ በኋላ ማረጋገጫውን ሳይሰጥ መብራት ከጠፋ፣ ወረፋው እንዳልደረሰ ቆጥሮ መልእክቱን እንደገና ይሰጣል፤ እንዳይጠፋ የፈለግነውን መልእክት አንዳንድ ጊዜ ሁለቴ እንቀበላለን ማለት ነው። መከላከያው በተቀባዩ ዘንድ ነው። እያንዳንዱ ሽያጭ ገና በቅርንጫፉ ሲወለድ የራሱ መለያ ቁጥር ይሰጠው፤ አዲስ አበባ ባለው ሠንጠረዥ ላይም ያ ቁጥር እንዳይደገም በዳታቤዙ በራሱ ይከልከል። ሁለተኛው ሲመጣ ዳታቤዙ ይመልሰዋል፤ ፕሮግራሙም «ቀድሞ ተመዝግቧል» ብሎ ማረጋገጫውን ይስጥ እንጂ እንደ ስህተት ቆጥሮ ወደ ወረፋው አይመልሰው።

ለክፍያም ይኸው ነው። የክፍያው ማሳወቂያ ወደ ሰርቨርዎ ሲመጣ የግብይቱን መለያ ቁጥር ይዘው ወረፋ ላይ ያስቀምጡትና ወዲያው ለአገልግሎት ሰጪው «ደርሶኛል» የሚል መልስ ይስጡ፤ ከዚያ ተቀባዩ ፕሮግራም ክፍያው በእርግጥ መፈጸሙን ከአገልግሎት ሰጪው ጠይቆ አረጋግጦ፣ ያ ቁጥር ቀድሞ ያልተመዘገበ መሆኑን አይቶ፣ ዕቃው ከመጋዘን እንዲወጣ ይፍቀድ። ገመዱን እንደገና ሲነቅሉ በዚህኛው ላይም ይሞክሩትና ቁጥሮቹን ይጻፉልን።