ኤፒ ፈተና ለብቻዬ አጥንቼ ልፈተን ነው፣ የትኛውን ልያዝ?

የሸገር ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ ነኝ፣ 11ኛ ክፍል። ከአዲስ አበባ ከመጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው። ትምህርት ቤት ከኤፒ (ሃይስኩል እያለን የምንማረውና የምንፈተነው የኮሌጅ ደረጃ ትምህርት) ካልኩለስ ኤቢን እየተማርኩ ነው። ሌላ አንድ ኤፒ ደግሞ ለብቻዬ አጥንቼ ሜይ ላይ ልፈተን አስቤያለሁ። ያማከርኩት ሰው ሁሉ «ሳይኮሎጂ ቀላል ነው፣ እሱን ያዝ» ይለኛል፣ አንዳንዱ ደግሞ ኢንቫይሮመንታል ሳይንስ ይላል። ችግሩ እንግሊዝኛ ሳነብ ቀርፋፋ ነኝ፣ ቅዳሜና እሁድም ሥራ እገባለሁ። ሒሳብ ግን አይከብደኝም። ኮሌጅ ኢንጂነሪንግ ነው የምፈልገው። ምን ትሉኛላችሁ?

ቡና ጠጪዋ፦
ሳይኮሎጂን ለብቻዬ አጥንቼ ከ5 4 አግኝቻለሁ። ቀላል ነው የሚሉህ ፎርሙላ ስለሌለው ነው። የሚሸመደደው ቃል ግን አያልቅም፣ አውቶቡስ ላይ ሁሉ ካርድ ይዤ ነበር። ደግሞ ከ2025 ወዲህ ፈተናው ተቀይሯል። ከሁለቱ የጽሑፍ ጥያቄዎች አንዱ የአንድ ጥናት ማጠቃለያ አንብበህ እንድትተነትን ነው፣ ሌላው ሦስት ምንጮች ሰጥቶህ ተከራከር ይልሃል። ማንበብ ቀርፋፋ ነኝ ካልክ እዚያ ላይ ሰዓት ይበላሃል። ለኢንጂነሪንግም ብዙ አይጠቅምህም።

ኢንተግራል፦
ወንድሜ፣ ለምን አዲስ ነገር ትጀምራለህ? ግማሹ እጅህ ላይ አለ እኮ። ካልኩለስ ቢሲን ያዝ። ቢሲ ማለት ኤቢ ሙሉውን ይዞ ጥቂት ምዕራፍ የሚጨምር ነው፦ ኢንተግሬሽን ባይ ፓርትስ፣ ፓራሜትሪክና ፖላር፣ ከዚያ ሲሪስ (ማብቂያ የሌለው የቁጥሮች ድምር)። ሲሪስ ነው የሚያንገላታው፣ ለእሱ ብቻ አንድ ወር ተኩል መድብ። ካን አካዳሚ ላይ በነፃ አለ፣ ያለፉ ዓመታት የጽሑፍ ጥያቄዎችም ከነማረሚያቸው ፈተናውን በሚያወጣው ኮሌጅ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ አሉ። አንድ ነገር ግን ልብ በል፣ ኤቢና ቢሲ በአንድ ዓመት ሁለቱንም መፈተን አይቻልም። ስለዚህ ኤቢን ትተህ ነው ወደ ቢሲ የምትዞረው። ቢሲ ባይሳካልህም የኤቢው ክፍል ውጤት ለብቻው ይወጣልሃል፣ ልፋትህ ሜዳ ላይ አይቀርም።

የውጤት ሰንጠረዥ እያየህ እንዳትሸወድም። ቢሲ ከሚፈተኑት ከ10 አራቱ ገደማ 5 ያገኛሉ፣ ኢንቫይሮመንታል ላይ ግን ከ10 አንዱ ገደማ ነው። ቢሲ ቀሎ እንዳይመስልህ፣ የሚቀመጡበት ሒሳብ የሚወዱት ናቸው። ቀላል ነው የተባለው ላይ ደግሞ ቀላል ነው ሲባል ሰምቶ የገባ ሁሉ አለ።

ቡና ጠጪዋ፦
እውነቱን ነው። ኤቢ ክፍል ውስጥ መቆየትህ ራሱ ግማሽ ጥናት ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦
ልጄ፣ መጽሐፍ ከመግዛትህ በፊት የትምህርት ቤትህን የኤፒ አስተባባሪ አነጋግር። ትምህርቱን ሳትማር መፈተን ይፈቀዳል፣ ነገር ግን ፈተናውን የሚያዝልህ ትምህርት ቤት ነው። ቀኑ ኖቬምበር አጋማሽ ላይ ያልቃል፣ ከዚያ በኋላ 40 ዶላር ይጨመርብሃል። የእኔ ትልቁ «ሜይ ገና ሩቅ ነው» እያለ ቆይቶ ያንን ከኪሴ አስወጥቶኛል። በ2025 ፈተናው ራሱ 99 ዶላር ነበር። የቤተሰብ ገቢ ዝቅ ካለ ቅናሽ አለ፣ ሳታፍር ጠይቅ። የምታስባቸው ኮሌጆች የኤፒውን ውጤት ከስንት ነጥብ ጀምሮ እንደሚቀበሉም እያንዳንዳቸውን እይ፣ 3 የሚበቃቸው አሉ፣ ካለ 5 የማይቀበሉም አሉ።

የሸገር ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ እናቴ፣ ቅናሽ እንዳለ ጭራሽ አላውቅም ነበር። ነገ በምሳ ሰዓት አስተባባሪዋ ጋ እሄዳለሁ። @ኢንተግራል፣ ሲሪስን መቼ ብጀምር ይሻላል? ክፍል ውስጥ ገና ሊሚት ላይ ነን።

ኢንተግራል፦
ኢንተግራል ሳትጨርሱ አትንካው። የገና እረፍት ላይ ፓራሜትሪክን ጀምር፣ ሲሪስ ፌብሩዋሪ።