ክርክር፦ የሐረር ልጅ ታሪክና ጂኦግራፊ ከየት ይጀምር?

የሸንኮሯ እናት፦
እስቲ እንነጋገርበት። ሐረሪ ክልል ውስጥ የሚማር ልጅ እስከ አራተኛ ክፍል ድረስ ታሪኩንም ጂኦግራፊውንም ከገዛ ክልሉ መጀመር አለበት ባይ ነኝ። የኔዋ ልጅ የዓባይን ርዝመት በቃሏ ትወጣዋለች። በየቀኑ የምታልፍበትን የጀጎል ግንብ ማን እንዳሠራው ግን አታውቅም። የጥንቱ የሐረር ገዥ አሚር ኑር ነው ስላት በስሙ የሚጠራውን ወረዳ መሰላት። ከክልሎች ሁሉ በስፋት ትንሹ የኛ ነው፤ 340 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ልጅ ካርታውን በእግሩ ሊያዳርሰው ይችላል። የግንቡን አምስት በሮች፣ ፈላና በር፣ ኤረር በር፣ ሰንጋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሸዋ በር፣ ለመዞር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ይበቃል። ኤረር በር ላይ ፀሐይ ስትወጣ፣ ሸዋ በር ላይ ስትጠልቅ ያየ ልጅ ምሥራቅና ምዕራብን ማን ይነግረዋል? እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ጡረተኛው መምህር፦
እህቴ፣ አልስማማም። ዕድሜዬን ሙሉ ጂኦግራፊ ነው ያስተማርኩት። ልጅ መጀመሪያ አገሩን በሙሉ ይወቅ። ሐረር ለብቻዋ ቆማ አታውቅም። የአዳል ሱልጣኔት መቀመጫውን ወደ ሐረር ያመጣው በ1512 ዓ.ም ገደማ ነው፤ ከተማዋን ያሳደጋት ደግሞ በዘይላ ወደብ በኩል የሚመላለሰው ንግድ ነው። ዘይላ የት እንዳለች የማያውቅ ልጅ ጀጎልን ቢዞር ድንጋይ ነው የሚያየው። ደግሞስ ነገ የሚጠብቀው አገር አቀፍ ፈተና አይደለም እንዴ?

የኤረር ልጅ፦
ሁለታችሁም የምታወሩት ስለ ጀጎል ብቻ ነው። ጀጎል፣ በግንቡ የታጠረው አሮጌው ከተማ፣ 48 ሄክታር ነው፤ ግማሽ ስኩዌር ኪሎ ሜትር አይሞላም። ሶፊ፣ ኤረርና ድሬ ጠያራ የሚባሉ የገጠር ወረዳዎችም አሉን። በ1999ኙ ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 183,415 ነበር፤ ከግማሽ በላይ ኦሮሞ፣ ከአምስት አንድ በላይ አማራ፣ ሐረሪው ከአሥር አንድ አይሞላም። እኔ ስማር የክልላችን ታሪክ ማለት ግንብና መስጊድ ነበር። 82 መስጊድ፣ 102 የአውልያ ቦታ ብዬ ሸምድጃለሁ። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም የመዘገበውን ቅርስ አከብራለሁ፣ የኔም ነው። ግን አባቴ ማሽላና ኦቾሎኒ የሚዘራበት ማሳ መጽሐፉ ውስጥ አልነበረም። ትንሽ ናት እያላችሁ ጭራሽ አታሳንሷት።

የሁለት ልጆች አባት፦
ከባዱን ነገር ማንም አላነሳውም። ጦርነቱስ? አሚር ኑር ግንቡን አሠራ ብለን እዚያው እናቁም? ወይስ አፄ ገላውዴዎስ በ1551 ዓ.ም የሞቱት ከሱ ጦር ጋር ሲዋጉ ነው እንበል? በ1879 ዓ.ም ምኒልክ የሐረሩን ገዥ አሚር አብዱላሂን ጨለንቆ ላይ ያሸነፉበት ቀን በአንዱ ቤት ድል ነው፣ በሌላው ቤት ሐዘን። የሁለቱ ቤት ልጆች ደግሞ አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት። በዚህ ዕድሜ ምን አስቸኮለን? ይቆይላቸው።

መምህርት ከአቦከር፦
ወንድሜ፣ እኛ ብንደብቀው ከቤት ይሰሙታል፤ ያውም የአንድ ወገኑን ብቻ። እኔ ከግንቡ ነው የምጀምረው። «ሰው ግንብ ለምን ይሠራል?» እላለሁ። «ጠላት እንዳይገባ» ይላሉ። ማን ነበር የሚመጣው ሲሉኝ ሁለቱንም ወገን በስማቸው እጠራለሁ። «እኛ» እና «እነሱ» አልልም። ለሦስተኛ ክፍል ይህ ይበቃል። ጨለንቆን ከፍ ሲሉ ይድረሱበት።

የኤረሩ ወንድማችን ያለው ግን ልክ ነው። እንደውም በጣም የተሳካልኝ ትምህርት ጀጎልን አይነካም። ቢጫ ጀሪካን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኩና «ይህ ውሃ ከየት መጣ?» አልኩ። «ከቧንቧ!» «ከቦቴ!» «ከጎረቤት!» ከዚያ ወደ ኋላ ተጓዝን። የሐረር ውሃ ድሮ ከሐረማያ ሐይቅ ነበር የሚመጣው፤ ሐይቁ ያለው ኦሮሚያ ውስጥ ነው። ለመስኖ ተሳበ፣ ደለል ሞላው፣ በ1990ዎቹ ደረቀ። በቅርብ ዓመታት ውሃ መልሶ ቢይዝም ከተማዋ ያኔ ሌላ ምንጭ መፈለግ ነበረባት። እናም በድሬዳዋ በኩል ካለው ቆላ የከርሰ ምድር ውሃ በፓምፕ ሽቅብ ተገፍቶ መጣልን። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር 1,900 ትጠጋለች። አንዱ ልጅ እጁን አውጥቶ «ታዲያ የራሳችን ውሃ የለንም ማለት ነው?» አለኝ። ሰዓቱ አለቀ፣ ጥያቄው አላለቀም። ደወል ተደውሎ እንኳ አልወጡም።

ጡረተኛው መምህር፦
መምህርት፣ ተባረኪ! እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ባቡሩም እኮ እንዲሁ ነው። ጋራው አላወጣ ስላለው ሐረርን ትቶ በ1895 ዓ.ም ድሬዳዋ ላይ ቆመ፣ ንግዱም ተከትሎት ወረደ። ትንሹን ክልል ለማስረዳት ጎረቤቱን መጥራት ግድ ይላል። ከጀሪካኑ ይጀመር ካላችሁ አልቃወምም። ግን ሁሉም አስተማሪ እንዳንቺ አይደለም፤ መጽሐፉ ላይ የሌለውን ስንቱ ያስተምራል?

የሸንኮሯ እናት፦
መምህር፣ እኔስ መጽሐፉ ይቀየር አይደል የምለው? አሁንም ከክልሉ ይጀመር እላለሁ። ዙሩ ግን በኤረር በር ወጥቶ ማሳው ድረስ ይሂድ። የከተማው ልጅ ኦቾሎኒ ከመሬት ሲነቀል ይይ። የገጠሩ ልጅ ደግሞ የሐረሪ ቤት ገብቶ ነደባው፣ መደቡ ላይ ይቀመጥ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ስፌት ይቁጠር። ሐረሪኛም ኦሮምኛም የክልሉ የሥራ ቋንቋ ናቸው፤ በመጽሐፉ ካርታ ላይ የቦታው ስም በሁለቱም ይጻፍ።

የሁለት ልጆች አባት፣ አንተን ግን አልቀበልህም። ጨለንቆ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ልጆችህ በአውቶቡስ ያልፉባታል። «እዚህ ምን ሆኖ ነበር?» ብለው ሲጠይቁህ ይቆይ ብለህ ታልፋለህ?

የሁለት ልጆች አባት፦
አላልፍም። እነግራቸዋለሁ። የምፈራው መጽሐፉ የሚነግራቸውን ነው። ማን ይጻፈው? እሱን መልሱልኝና እስማማለሁ።

የኤረር ልጅ፦
ከጨለንቆም፣ ከጀጎልም፣ ከኛም ሰፈር ሽማግሌ ይጠየቅ። አባቴ ፈቃደኛ ነው። ተማሪዎቹን ጥቅምት ላይ አምጧቸው፤ ኦቾሎኒው ያኔ ይደርሳል።