የኔ ጊታር ጣቴን ያሳምመኛል የጓደኛዬ ግን ምንም አይለኝም፣ ችግሩ ከኔ ነው ከጊታሩ?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አኩስቲክ ጊታር ከጀመርኩ 7 ወር ሆነኝ፣ በየቀኑ ባይሆንም ሳላቋርጥ ነው ምለማመደው። 15 ደቂቃ እንደተጫወትኩ የግራ እጄ ጣቶች ያቃጥሉኛል፣ ኤፍ ኮርድ ላይ ደሞ አውራ ጣቴ ስር ያለው ስጋ እስኪደነዝዝ ጨምቄ ይዤም ሁለቱ ክሮች ድምፅ አያወጡም። ጣቴ ስላልጠነከረ ነው ብዬ ችዬው ነበር ግን ሰሞኑን የጓደኛዬን ጊታር ይዤ ያንኑ ኤፍ ስመታ ጥርት ብሎ ወጣ፣ ደንግጬ ደጋግሜ ሞከርኩት፣ ከዛ አንድ ሰዓት ሳልነሳ ተጫወትኩ ማስቀመጡ ሁሉ አስጠላኝ። የሷ ከኔ ውድ አይደለም፣ ብቻ አነስ ያለ ነው። የኔ ድሬድኖት ሚባለው ትልቁ ነው፣ ክሩ 12 (የውፍረቱ ቁጥር) ነው። ጊታር ሚመቸው በምንድነው? ልሽጠው ወይስ ሚስተካከል ነገር ነው?

እንጨትና ክር፦
እህቴ እንዳትሸጪው፣ መጀመሪያ ለኪው። ከ10 ጊዜ 9ኙ ብዬ ቁጥር አልጠራልሽም ግን እኔ ጋ "ከበደኝ" ተብሎ ከመጣ ጊታር አብዛኛው ችግሩ አክሽን ነው፣ ማለትም ክሩ ከፍሬቱ (አንገቱ ላይ በአግድም ከተተከለው ቀጭን ብረት) ያለው ከፍታ። ማስመሪያ ያዢና ጊታሩ ተቃኝቶ እያለ 12ኛው ፍሬት ላይ ከፍሬቱ አናት እስከ ክሩ ስር ለኪ። ለአኩስቲክ ወፍራሙ ክር 2.4 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ ቀጭኑ 1.8 አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው፣ 3 ካለፈ እጅሽን እያደከመሽ ያለው እሱ ነው።
ግን ያንቺ ነገር ኤፍ ላይ መባሱ ነት ላይም ችግር እንዳለ ያስጠረጥራል (ነት ማለት ክሮቹ ከመቃኛው ወደ አንገቱ ሲገቡ ሚያርፉበት ባለቦይ ቁራጭ ነው)። ኤፍ 1ኛው ፍሬት ላይ ስለሆነ ነቱ ከፍ ካለ ጣትሽ ክሩን ብቻ ሳይሆን ያንን ከፍታ ነው ሚታገለው። ለማረጋገጥ ካፖ (ክሮቹን ሁሉ አንዴ ተጭኖ ሚይዝ መቆንጠጫ) 1ኛው ፍሬት ላይ እሰሪና ያንኑ የኤፍ አያያዝ አንድ ፍሬት ወደ ላይ አርገሽ ያዢው። ድንገት ከቀለለሽ ነቱ ነው፣ አንቺ አይደለሽም።

ባለ ካፖው፦
ካፖው እንደታሰረ ደሞ ወፍራሙን ክር አንገቱ ከአካሉ ሚገናኝበት ፍሬት ላይ ተጫኚና 7ኛው ፍሬት ጋ ያለውን ክፍተት እዪ። ቀጭን ካርድ ሚያስገባ፣ ሩብ ሚሊ ምናምን ቢሆን በቂ ነው። ከዛ በጣም ከሰፋ አንገቱ ጎብጧል ማለት ነው፣ ያኔ ትረስ ሮዱ (አንገቱ ውስጥ ያለው ሚዞር ብረት) ሩብ ዙር፣ ሩብ ዙር እየተባለ በትግስት ወደ ማጥበቂያው ይዞራል። ብዙ ሰው ግን ትረስ ሮድን የክር ማውረጃ ያረገዋል፣ አይደለም፣ ስራው የአንገቱን ጉብጠት ማስተካከል ብቻ ነው። አልዞር ካለሽ በኃይል እንዳትሞክሪ በናትሽ፣ ከተበላሸ ጥገናው ከባድ ነው።

የማታ ልምምድ፦
ሁሉም ስለ መለኪያ አወራ፣ እኔ ስለ ክሩ ልበል። 12 ሚባለው ሴት ተቃኝቶ ሲወጠር ስድስቱ ክሮች አንድ ላይ ወደ 70 ኪሎ ገደማ ነው ሚስቡት፣ በዚህ ላይ አክሽኑ ከፍ ካለ ጀማሪ እጅ ምን ያርግ? 11 ወይ 10 ቀይሪ፣ ድምፁ ትንሽ ይሳሳል ግን ሚያስጫውትሽ ይሻላል። እስክትቀይሪ ግማሽ ድምፅ አውርደሽ ቃኚና 1ኛው ፍሬት ላይ ካፖ አርገሽ ተለማመጂ፣ ቃናው እዛው ነው ክሩ ግን ይለሰልሳል። የጓደኛሽ አነስ ያለ ነው ካልሽ ደሞ የክሩ ርዝመት ራሱ ያጠረ ሊሆን ይችላል፣ 648 ሚሊ እና 628 ሚሊ ወረቀት ላይ ምንም አይመስልም፣ ጣት ላይ ግን በደንብ ይለያል።
ሌላ ይሄን ለሚያነብ ሰው፣ ክላሲካል ጊታር ላይ "ናይለን ለስላሳ ነው ድምፁ አነሰኝ" ብላችሁ የብረት ክር እንዳታስሩ፣ ለዛ ጭነት አልተሰራም፣ ብሪጁ (ክሮቹ አካሉ ላይ ሚታሰሩበት እንጨት) ይነቀላል።

ጋሽ ቃኚ፦
ልጄ፣ መደንዘዙን እንዳትንቂው። የጣት ጫፍ ማቃጠል ሲጠነክር ይተዋል፣ ድንዛዜ ሲመጣ ግን ጊታሩን አስቀምጠሽ እጅሽን ማሳረፍ ነው፣ ካልተወሽ ሐኪም ይየው። ድሬድኖት አካሉ ጥልቅ ስለሆነ ቀኝ ክንድ ወደ ላይ ተሰቅሎ ትከሻ ይወጠራል፣ አንገቱም ወደ ታች ሲያዘነብል ግራ አንጓሽ ይታጠፋል፣ የታጠፈ አንጓ ደሞ ጉልበት የለውም። ተቀምጠሽም ቢሆን ማሰሪያ አንገትሽ ላይ አርጊና የጊታሩን አንገት ወደ ላይ ቀና አርጊው። ጣትሽ ከፍሬቱ ብረት ጀርባ ጥግ ላይ ይረፍ፣ መሀል ላይ አይደለም። አውራ ጣትሽን እንደ ጉጠት አትጭመቂው፣ ክርንሽን ለቀቅ አርገሽ በክንድሽ ክብደት ወደ ኋላ ሳብ አርጊው።

ከበሮ ወዳጁ፦
በከፊል አልስማማም። ክሩ በወረደ ቁጥር ይመቻል ሚለው እውነት አይደለም፣ እኔ በጣም አስወርጄ ሪትም በደንብ መምታት ስጀምር ክሩ ፍሬት እየነካ ዝዝዝ ይል ጀመር ድምፁም ሞተብኝ፣ ሳልወድ መልሼ አስነሳሁት። እኔ ደስ ሚለኝ ጊታር ቀስ ብለህ ስትነካው ቀስ ብሎ፣ ጠንከር ስትል ጠንከር ብሎ ሚመልስ ነው፣ ጀርባው ደረቴ ላይ ሲርገበገብ ይሰማኛል ያኔ ልምምድ አይመስለኝም። ስለዚ ክሩን አስወርጂው ግን ለጊታር ሰሪው እንዴት እንደምትመቺ አሳዪው። የአንገቱን ስፋትም አትርሺ፣ ነቱ ጋ 43 ሚሊና 44.5 ሚሊ ለጣት ሌላ ሌላ ነገር ነው፣ የክላሲካል ደሞ 52 ይደርሳል።

ጀማሪዋ፦
ለካሁ! ወፍራሙ 3.4፣ ቀጭኑ 2.8። ክፍተቱ ካርድ ብቻ ነው ሚያስገባው። ካፖ አስሬ ኤፍ ስሞክር አንዱ ክር ብቻ ነው የታፈነው፣ ሌላው ወጣ። እውነቴን ነው እንባዬ ሊመጣ ነበር፣ 7 ወር ሙሉ ጣቴን ስወቅስ። አሁን ምኑን ላስነካ? ሳድሉን (ብሪጁ ላይ ክሮቹ ሚያርፉበትን ቁራጭ) ራሴ ብርጭቆ ወረቀት ላይ ብፈገፍገውስ?

እንጨትና ክር፦
በቃ ታወቀ፣ አንገቱ ደህና ነው፣ ነቱና ሳድሉ ናቸው። ነቱን ራስሽ አትንኪ፣ ቦዩ ትንሽ ካለፈ ክፍት ክር ሁሉ ይንጫጫል መልሶ መሙላት ነው። መጀመሪያ ነቱ ይሰራ፣ እሱ ሲወርድ 12ኛው ፍሬት ላይም ትንሽ ይቀንሳል፣ ከዛ እንደገና ተለክቶ ሳድሉ። ሳድል ላይ ሂሳቡ እጥፍ ነው፣ 12ኛው ላይ 0.9 ለማውረድ ከሳድሉ 1.8 መነሳት አለበት። ከብሪጁ በላይ ስንት ሚሊ ወጥቷል? 2 ብቻ ከሆነ ሚነሳ ነገር የለም፣ ያኔ የአንገቱ አቀማመጥ ነው ጉዳዩ እሱ ደሞ ትልቅ ስራ ነው። ጊታሩ እርጥበት ያለበት ቦታ ከርሞም ከሆነ የፊት እንጨቱ አብጦ ክሩን ያነሳዋል፣ ከ45 እስከ 55 ፐርሰንት እርጥበት ውስጥ ትንሽ ይሰንብትና እንደገና ለኪው።

ጀማሪዋ፦
5 ሚሊ ወጥቷል። ሚቀመጠው ደረቅ ክፍል ነው።

እንጨትና ክር፦
እንግዲያው 3 ሚሊ ገደማ ይተርፋል፣ በቂ ነው። ወደ 11 ክር መቀየርሽ ካልቀረ ግን ሰሪው ጋ ከመሄድሽ በፊት ገዝተሽ ያዢ፣ ሁሉም ነገር ሚስተካከለው በምትጫወቺበት ክር ውጥረት ነው፣ በ12 አሰርተሽ በኋላ 11 ብታስሪ አንገቱ ትንሽ ይቀናና እንደገና መመለስሽ ነው። የሳድሉ ስር ደሞ ቀጥ ብሎ እንዲፈገፈግ ንገሪው፣ ከተንጋደደ ብሪጁ ላይ በደንብ ስለማይቀመጥ አንዳንዱ ክር ድምፁ ይደክማል።