ስሌን መንደርና አካባቢዋ (አየርላንድ)፦ ሁለት ሌሊት ለሚያድር ሰው

ማርታ፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ኦክቶበር አጋማሽ ላይ ከእናቴ ጋር ከፍራንክፈርት ወደ አየርላንድ እንሄዳለን። ማደሪያ የያዝነው ስሌን በምትባለው የገጠር መንደር ነው። ኒውግሬንጅ የሚባለውን ጥንታዊ የድንጋይ መቃብር፣ የስሌንን ኮረብታና ሞናስተርቦይስ ያሉትን የድንጋይ መስቀሎች ማየት እንፈልጋለን። እናቴን ጉልበቷን ያማታል፤ ረቡዕና ዓርብም ትጾማለች። ፓስፖርቷ የኢትዮጵያ ነው፣ የጀርመን መኖሪያ ፈቃድ አላት። መኪና ያስፈልገናል? ከየትኛውስ እንጀምር?

ዮናስ፦
ሰላም ማርታ። ከሁሉ በፊት የእናትሽን ቪዛ ጨርሱ። አየርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ብትሆንም ሸንገን (በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ማኅበር) ውስጥ የለችም። በጀርመን መኖሪያ ፈቃድ ብቻ አይገባም፤ የአየርላንድ ቪዛ ለብቻው ይወጣል፣ አየር መንገዱም ያለ እሱ አያሳፍራትም።

ቀጥሎ የኒውግሬንጅን ትኬት በኢንተርኔት ያዙ፤ ሌላው ሁሉ እሱን እያየ ይደረደራል። ወደ መቃብሩ በራስ መኪና አይኬድም። የሚገባው በብሩ ና ቦኛ የጎብኚዎች ማዕከል በኩል ብቻ ነው። ማዕከሉ ከቦይን ወንዝ በስተደቡብ፣ ዶኖር መንደር አጠገብ ነው፤ መቃብሩ ያለው ግን በሰሜኑ ዳርቻ ነው። ስለዚህ ስልካችሁ ላይ «ኒውግሬንጅ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ወደ ተሳሳተው ዳርቻ ሊወስዳችሁ ይችላል፤ የማዕከሉን ስም ጻፉ። ከስሌን ሩብ ሰዓት ያህል ነው። ትኬቱ ላይ ካለው ሰዓት ግማሽ ሰዓት ቅደሙ፤ ከማዕከሉ ወደ መቃብሩ የሚወስደው አውቶቡስ ዘንድ ለመድረስ በእግረኛ ድልድይ ወንዙን መሻገር አለ፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ደግሞ መቸኮል የለበትም።

ከመቃብሩ በር ወደ ውስጠኛው ጓዳ የሚያስገባው መተላለፊያ 19 ሜትር ነው። ግራና ቀኝ የቆሙት ድንጋዮች ወደ ውስጥ ያዘነበሉባቸው ቦታዎች ስላሉ እዚያ ጎንበስ ብሎ በጎን ማለፍ ግድ ይላል። ወለሉም ዳገት ነው፤ እናትሽ እጇን ድንጋዩ ላይ ከምታሳርፍ አንቺን ብትይዝ ይሻላል፣ ቅርጾቹ በንክኪ ያልቃሉ። ፎቶ ማንሳት አይፈቀድም። ጠባቡ እንደማይሆንላት ከተሰማት ውጭ ቀርታ የመግቢያውን ድንጋይ ትይ፤ በላዩ የተቀረጹት ጥምዝምዝ መስመሮች ከውስጡ የማይተናነሱ ናቸው።

ወለሉ ዳገት መሆኑ ትርጉም አለው። ጓዳው ጋ ሲደርስ ከበሩ በላይ ካለችው ጠባብ መስኮት ጋር እኩል ይሆናል፤ በዲሴምበር 21 አካባቢ የምትወጣው ፀሐይ በዚያች መስኮት ገብታ ጓዳውን 17 ደቂቃ ያህል ታበራዋለች። ይህን በ1967 ውስጥ ቆሞ ያየው አርኪዮሎጂስቱ ማይክል ኦኬሊ ነው። ሕንፃው የቆመው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3200 ገደማ ነው፤ ጣራው ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተደረበ ጠቦ የተዘጋ ሲሆን፣ ስንጥቁ በተቃጠለ አፈርና በባሕር አሸዋ ስለተደፈነ ዛሬም አያፈስም። ፊት ለፊት ያለው ነጭ ግንብ ግን በ1970ዎቹ እንደገና የተሠራ ነው፤ ያን ያህል ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር ወይ የሚለው እስካሁን ያከራክራል።

ብሩክ፦
መኪና ተከራዩ። 190 ቁጥር አውቶቡስ ድሮሄዳን፣ ስሌንንና ናቫንን ያገናኛል፤ ሞናስተርቦይስ ግን አያደርስም።

ከደብሊን አየር ማረፊያ ኤም50 የሚባለውን የከተማዋን ቀለበት መንገድ ይዛችሁ በመውጫ 5 ወደ ስሌን ወደሚወስደው ኤን2 መንገድ ታጠፉ። በዚህ ከሄዳችሁ የኤም50 ክፍያ አይነካችሁም፤ መክፈያው በመውጫ 6 እና 7 መካከል ነው። መውጫው አምልጧችሁ ካለፋችሁ የሚያስቆም በር የለም፣ ካሜራ ታርጋ ያነሳል። እስከ ማግስቱ 20:00 ካልተከፈለ ቅጣት ይጨመርበታል።

የሚነዳው በግራ ስለሆነ አውቶማቲክ ማርሽ ጠይቁ። ሰው የሚሳሳተው ቀጥ ባለው መንገድ ላይ አይደለም፤ ነዳጅ ቀድቶ ባዶ መንገድ ላይ ሲወጣ እጁ በልማድ ወደ ቀኝ ይወስደዋል። በገጠር ትናንሽ መንገዶች የፍጥነት ወሰኑ ከፌብሩዋሪ 2025 ጀምሮ በመደበኛው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጥጉ አጥር ስለሆነ እሱም ብዙ ነው።

ከደብሊን ወደ ስሌን ስትደርሱ ኃይለኛ ቁልቁለት አለ፤ ሥሩ ላይ መንገዱ ታጥፎ ጠባቡ የድንጋይ ድልድይ ይመጣል፣ መኪና የሚያልፈው በመብራት እየተፈራረቀ ነው። ቀስ ብላችሁ ውረዱ። ለፎቶ ብላችሁ ድልድዩ ላይ አትቁሙ።

የስሌን ኮረብታ ከመንደሩ በስተሰሜን ነው፤ ክፍያ የለውም። በትውፊቱ ቅዱስ ፓትሪክ በ433 (እ.ኤ.አ.) የትንሣኤን ዋዜማ እሳት ያቀጣጠለው እዚህ ነው፤ በታራ ያለው ንጉሥ ሳያበራ ማንም እንዳያበራ ተከልክሎ ነበር። አሁን የሚታየው ፍርስራሽ በ1512 የተመሠረተ የፍራንቸስካውያን ገዳም ነው። ሣሩ እርጥብ ነው፣ ነፋሱም ብርቱ፤ ለእናትሽ የማያንሸራትት ጫማ ይኑራት።

ወለተ ሥላሴ፦
ማርታ ልጄ፣ ሞናስተርቦይስን እንደ ትርፍ አትያዢው። በቂ ሰዓት ስጪው፤ ለእናትሽም ሜዳ ነው፣ ክፍያም የለው።

የሙሬዳክ መስቀል 5 ሜትር ተኩል ይሆናል፤ የ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሥራ ነው። በምሥራቁ ፊት መሐል የመጨረሻው ፍርድ አለ፤ ቅዱስ ሚካኤል ነፍስ ይመዝናል፣ ከሥሩ የተጋደመው ሰይጣን ሚዛኑን ሊያዛባ ይታገላል። እናትሽ ማንም ሳያስረዳት ታውቀዋለች። በምዕራቡ ስቅለቱ አለ፤ ግርጌው ላይ ሁለት ድመቶችና ላሠራው ለሙሬዳክ ጸሎት የሚለምን ጽሑፍ ተቀርጿል። አናቱ ላይ ያለውን ቤት የመሰለ ድንጋይም ቀና ብላችሁ እዩ፤ አባ ጳውሊና አባ እንጦንስ በበረሃ ተገናኝተው እንጀራ ሲቆርሱ ነው፣ ቁራ ያመጣላቸውን።

ድንጋዩ ስለተሸረሸረ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመታው ቅርጹ ጠፍጣፋ ይመስላል። የሚነበበው ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ነው። በኦክቶበር አጋማሽ ፀሐይ በትክክል ደቡብ ላይ የምትሆነው በአገሩ ሰዓት 13:10 ገደማ ስለሆነ፣ 12:30 ላይ ድረሱና ምሥራቁን አስቀድማችሁ እዩ፤ ከ13:15 በኋላ ወደ ምዕራቡ ዙሩ። ከደመነ የስልክ መብራት በጎን ያዙለት።

ማርታ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቪዛውን ዛሬ እጀምራለሁ። ጾሙስ?

ወለተ ሥላሴ፦
ቡናማው የአየርላንድ ዳቦ የጾም ይመስላል፤ ግን የሚቦካው በአሬራ ነው። የአትክልት ሾርባውም ብዙ ጊዜ ቅቤ ወይም ክሬም አለው። ምግብ ቤቶች ወተትና እንቁላል ያለበትን በጽሑፍ የማሳወቅ ግዴታ ስላለባቸው የአለርጂውን ዝርዝር ጠይቂ። ዓርብ የምታልፉ ከሆነ ቆሎና ፍራፍሬ መኪናው ውስጥ ይኑር።